ቻይንኛ ለከበደው ጀማሪ፦ በዱከምና በአካባቢዋ ለሚማሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዱከም፣ ከጂያንግሱ ግዛት የመጣ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መገንባት የጀመረው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሥራ ከያዘ፣ በተለይም ሁዋጂያን የተባለው ጫማ አምራች በ2004 ዓ.ም. ማሽኖቹን በዚያ ከተከለ ወዲህ፣ ቻይንኛ የሩቅ አገር ልሳን መሆኑ ቀርቶ የፈረቃ አለቃው፣ የማሽን ጠጋኙና የመጋዘን ኃላፊው የሚናገሩት የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ቋንቋውን የሚፈልገው ሰው ስለዚህ ከመጽሐፍ ወዳድነት ብቻ አይነሣም፤ ትእዛዝ በትክክል መረዳት፣ ከአለቃ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር፣ ወይም ራሱ አስተርጓሚ መሆን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ተስፋ ቆርጦ መተው የተለመደ ነው፤ ይህ መመሪያም የተዘጋጀው እዚያ ደረጃ ላይ ለደረሰ ጀማሪ ነው። ጀማሪውን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው የጽሕፈቱ ብዛት ሳይሆን፣ ድምፁን በጆሮው ሳይለይ ቃላቱን በአማርኛ ፊደል እየጻፈ መሸምደዱ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የእርምጃ ቅደም ተከተልም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

በቅድሚያ «ቻይንኛ» ሲባል የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በቻይና እርስ በርስ የማይግባቡ ልዩ ልዩ የአነጋገር ዓይነቶች ስላሉ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚታሰበው በቤጂንግ ድምፅ ላይ የተመሠረተው፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ የሚያገለግለው፣ በውጭው ዓለም ማንዳሪን የሚባለው መደበኛ ቋንቋ ነው። የሚጠይቀውን ጊዜ ለመገመት ያህል፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማስተማር 1100 የክፍል ሰዓት ሲገምት፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛ፣ ለኮሪያኛና ለዐረብኛ ግን 2200 ሰዓት ይገምታል። ስሌቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራ በመሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ እንዳለ አይሠራም፤ ቢሆንም በሦስት ወር ውስጥ ቋንቋውን ያልጨበጠ ሰው ከሌላው ያነሰ አእምሮ አለኝ ብሎ እንዳይደመድም ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ጆሮን ማሠልጠን

ቻይንኛ የቃና ቋንቋ ነው፤ ይህም ማለት አንድ ቀለም (በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣ የቃል ቁራጭ) በሚነገርበት የድምፅ ከፍታ አካሄድ ትርጉሙ ይለያል ማለት ነው። አራት ቃናዎች አሉ፤ አንደኛው ከፍ ብሎ ሳይነቃነቅ ይቆያል፣ ሁለተኛው ከመካከል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ይጎተታል፣ አራተኛው ከላይ ወደ ታች በኃይል ይወርዳል፤ ከእነዚህ ሌላ አጭርና ክብደት የሌለው፣ ገለልተኛ የሚባል ቃና አለ። መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠቅሱት «ማ» የተባለው ቀለም በእነዚህ አራት ቃናዎች በቅደም ተከተል እናት፣ የቃጫ ተክል፣ ፈረስና መሳደብ እንደሚሆን ነው። ለዱከም ሠራተኛና ነጋዴ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው ምሳሌ «ማይ» ነው፤ በሦስተኛው ቃና ሲነገር መግዛት፣ በአራተኛው ሲነገር መሸጥ ይሆናልና፣ ቃናውን የሳተ ደላላ ገዢውን ሻጭ ሊያደርገው ይችላል።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ነገር ከራሱ ቋንቋ ፈጽሞ የራቀ አድርጎ መቁጠር የለበትም። በአማርኛ «ገና» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «አለ»ም ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። ፊደሉ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ አንባቢው ግን በጆሮው ስለሚያውቀው አይሳሳትም። ችግሩ የሚመጣው ይኸው አንባቢ ገና ያልለመደውን ቋንቋ ቃላት በዚሁ ፊደል ሲጽፍ ነው፤ በደብተሩ ላይ «ማይ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎ አንዱን መግዛት፣ ሌላውን መሸጥ ሲል፣ ጽሑፉ የሚነግረው ምንም ነገር የለም፤ ጆሮውም ገና የሚያስታውሰው ነገር የለውም። በዚህ መመሪያ ውስጥ የቻይንኛ ቃላት በፊደል የሠፈሩት አንባቢው የትኛው ቃል እንደተጠቀሰ እንዲያውቅ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳሉ መሸምደድ መመሪያው የሚያወግዘውን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ስለዚህ ጀማሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ቃላት ከማከማቸት ይልቅ ለማዳመጥ ቢሰጣቸው ይመረጣል። የሚበጀው ልምምድ ነጠላ ቃናዎችን እየለያዩ መጥራት ሳይሆን፣ ሁለት ሁለት ቀለም ያላቸውን ቃላት በጥምር መስማት ነው፤ አራቱ ቃናዎች ከአራቱና ከገለልተኛው ጋር ሲጣመሩ 20 ዓይነት ጥምር ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥምር አንድ አንድ የሚታወቅ ቃል መርጦ፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ሰምቶ፣ ጽሑፉን ሳያይ ቃናውን በእጅ እንቅስቃሴ ማሳየት፣ ቀጥሎም ራሱን ቀድቶ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር አከታትሎ ማዳመጥ ይገባል። የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ሌላ ርካሽ መንገድ የለም። በሰርቪስ ከቢሾፍቱ ወይም ከቃሊቲ የሚመላለስ ሠራተኛ የጉዞውን ጊዜ ለዚህ ቢያውለው፣ እሑድ ዕለት ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሚቀመጥ ሰው የበለጠ ያተርፋል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ነገሮች ጀማሪውን ያደናግሩታል። አንደኛው፣ ሦስተኛው ቃና በመጽሐፍ ወርዶ እንደሚወጣ ሆኖ ቢሣልም፣ በተራ ንግግር ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የሚቀር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ሦስተኛ ቃናዎች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ቃና መለወጡ ነው፤ «ኒ ሃው» የሚለው የታወቀ ሰላምታ ራሱ ሁለቱም ቀለሞቹ ሦስተኛ ቃና ቢሆኑም፣ «ኒ» የሚነገረው ወደ ላይ እየወጣ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ፒንዪንን እንደ ቁቤ አለማንበብ

ፒንዪን የቻይንኛን ድምፅ በላቲን ፊደል የሚጽፍ፣ ቃናውንም ከአናባቢው በላይ በሚደረግ ምልክት የሚያሳይ ሥርዐት ሲሆን፣ በቻይና መንግሥት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ቃናን የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ጀማሪው የአማርኛውን ፊደል ትቶ በእሱ መጻፍ አለበት፤ ሆኖም በኦሮሚያ ከተሞች ያደገ ተማሪ የላቲን ፊደልን ከእንግሊዝኛ በፊት ወይም ከእንግሊዝኛ ጋር ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ ስለሚያውቅ፣ ማንም የውጭ አገር መጽሐፍ የማያስጠነቅቀው ወጥመድ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ኤክስ፣ ኪውና ሲ የሚላቸው ፊደላት በቁቤ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ሆነው ይነበባሉ፤ በፒንዪን ግን ኤክስ የምላስ ጫፍ ከታችኛው ጥርስ ኋላ ተቀምጦ የሚነገር፣ በ«ሰ» እና በ«ሸ» መካከል ያለ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ኪው በዚያው የምላስ ቦታ በትንፋሽ የሚወጣ ቀጭን «ቸ» ነው፤ ሲ ደግሞ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው በትንፋሽ የሚነገሩበት ነው። የመጨረሻውን በ«ጸ» መተካት በጣም ይቀናል፤ ነገር ግን «ጸ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» እና «ጰ» ጉሮሮ ተዘግቶ በፍንዳታ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ቻይንኛ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም።

በቻይንኛ ዋናው ልዩነት ትንፋሽ ነው። በፒንዪን ቢና ፒ ተብለው የሚጻፉት ሁለት ድምፆች የሚለያዩት እንደ «በ» እና «ፐ» በጉሮሮ ንዝረት ሳይሆን፣ ፒ ጠንካራ ትንፋሽ ሲከተለው ቢ ስለማይከተለው ነው፤ ዲና ቲ፣ ጂና ኬም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ለመለማመድ ቀጭን ሶፍት ከአፍ ፊት ይዞ መናገር ይበቃል፤ በፒ ሶፍቱ መርገብገብ፣ በቢ ግን ዝም ማለት አለበት። ከዚህ ሌላ ምላስ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ የሚነገር ወፍራም «ሸ» ከላይ ከተጠቀሰው ቀጭኑ የተለየ መሆኑንና፣ ከንፈር እንደ «ኡ» ተሰብስቦ ምላስ ግን «ኢ» የሚልበት አናባቢ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ እነዚህን በመጽሐፍ ከማብራራት ይልቅ በቪዲዮ የተናጋሪን አፍ እያዩ መለማመድ ይሻላል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ከሥራ ቦታ ቃላትን በሥራቸው መያዝ

ጆሮ ሲከፈት ቃላት መሰብሰብ ይጀመራል። እዚህ ላይ የፋብሪካው ሠራተኛ በመማሪያ ክፍል ብቻ ከሚማረው ይበልጣል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የቻይንኛ ቃላት ከሁለት ቀለሞች የተጣመሩ በመሆናቸው፣ አንዱን ሥር ያወቀ ሰው ሌሎቹን መገመት ይችላል፤ ሥሮቹም በየቀኑ በጆሮው ያልፋሉ። «ጎንግ» (አንደኛ ቃና) ሥራ ማለት ነው፤ «ጎንግረን» ሠራተኛ፣ «ጎንግቻንግ» ፋብሪካ፣ «ጎንግዝ» ደመወዝ፣ «ጎንግዝዎ» ደግሞ ሥራ ወይም መሥራት ነው። «ባን» የሥራ ፈረቃ ነው፤ ወደ ላይ መውጣትን በሚያመለክተው «ሻንግ» ሲቀደም «ሻንግባን» ሥራ መግባት፣ ወደ ታች መውረድን በሚያመለክተው «ሽያ» ሲቀደም «ሽያባን» ከሥራ መውጣት፣ መጨመርን በሚያመለክተው «ጅያ» ሲቀደም «ጅያባን» ኦቨርታይም ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ያልለየ ሰው ወደ ቤቱ ልሂድ ብሎ ሲነሣ ኦቨርታይም የታዘዘ መሆኑን ዘግይቶ ይረዳል፤ «ሽያ» በአራተኛ ቃና ወርዶ፣ «ጅያ» በአንደኛ ቃና ከፍ ብሎ እንደሚነገር ያወቀ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ቢያመልጠው እንኳ በቃናው ይለያቸዋል።

ቁጥር የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። አሥራ አንድ «አሥር አንድ»፣ ሃያ «ሁለት አሥር» እየተባለ ስለሚቀጥል እስከ 99 መቁጠር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት መሰናክሎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ቻይንኛ ለ10,000 «ወን» የሚል የራሱ ስም ስላለው ከዚያ በላይ ያለውን በእሱ የሚቆጥር መሆኑ ነው፤ 25,000 ብር «ሁለት ወን አምስት ሺህ»፣ 150,000 ብር «15 ወን»፣ አንድ ሚሊዮን ደግሞ «100 ወን» ይባላል። ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ደመወዝ የሚነጋገር ሰው ይህን በቃሉ ሳይተረጉም እስኪለው ድረስ ቁጥሩን በወረቀት ወይም በስልክ ጽፎ ቢያሳይ ከጥል ይድናል። ሁለተኛው፣ አራት («ስ»፣ አራተኛ ቃና) እና አሥር («ሽ»፣ ሁለተኛ ቃና) የሚቀራረቡ መሆናቸው ነው፤ ከደቡብ ቻይና የመጡ ብዙ ተናጋሪዎች፣ የሁዋጂያን መነሻ ከሆነችው ከጓንግዶንግ ግዛት የመጡትን ጨምሮ፣ ወፍራሙን «ሸ» እንደ «ሰ» ስለሚናገሩት፣ አራትን ከአሥር የሚለየው ቃናው ብቻ ይሆናል። በጣት መቁጠርም ያው አይደለም፤ ቻይናውያን እስከ አሥር በአንድ እጅ ስለሚቆጥሩ፣ አውራ ጣትና ትንሹ ጣት ሲዘረጉ ስድስት፣ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ሲዘረጉ ስምንት ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሁለት ብሎ ሊያነበው ይችላል።

በተጨማሪም ዕቃ ሲቆጠር በቁጥሩና በዕቃው መካከል የመቁጠሪያ ቃል ይገባል፤ ለጫማ «ሽዋንግ» (ጥንድ) ስለሆነ አንድ ጥንድ ጫማ «ኢ ሽዋንግ ሽየ» ይባላል፤ ሁለት ሲሆን ደግሞ የተለመደው የሁለት ስም «አር» ቀርቶ «ልያንግ» ይገባል። ሁሉንም የመቁጠሪያ ቃላት መሸምደድ አያስፈልግም፤ «ገ» የሚለው ለአብዛኛው ነገር ያገለግላል፤ ሰሚውም ይረዳል።

ከእነዚህ በፊት ግን ጀማሪው አራት የማዳኛ ዐረፍተ ነገሮች በቃሉ ሊይዝ ይገባል፤ እነርሱም «ይህ ምንድን ነው?»፣ «እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ»፣ «እንደገና ይበሉት» እና «አልገባኝም» የሚሉት ናቸው። እነዚህን በትክክለኛ ቃና የሚናገር ሰው ያልገባውን ነገር እንደገባው አስመስሎ ራሱን ከመነቅነቅ ይድናል። ለአለቃ የሚቀርበው አጠራርም አብሮ ይጠና፤ የቻይና ስም የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ ማዕረጉ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ዋንግ የተባለ ሥራ አስኪያጅ «ዋንግ ጂንግሊ» ይባላል፤ የእጅ ሙያ የሚያስተምር ባለሙያ ደግሞ «ሺፉ» በሚል አክብሮት ይጠራል።

አራተኛው እርምጃ፦ ዐረፍተ ነገር

የሰዋስው ክፍል ከሚፈራው በታች ነው። የቻይንኛ ግሥ በመደብ፣ በቁጥርና በጾታ አይረባም፤ አማርኛን የሚማር የውጭ ሰው የሚያለቅስበት የግሥ እርባታ በዚህ ቋንቋ የለም። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተል ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ቻይንኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ግሡን፣ ከግሡ ቀጥሎ ተሳቢውን ያስቀምጣል። ነገር ግን ጊዜና ቦታ ከግሡ በፊት ስለሚገቡ፣ «እኔ ነገ በፋብሪካ እሠራለሁ» የሚለው የአማርኛ አደራደር ቃል በቃል ቢገለበጥ ትክክለኛ ቻይንኛ ይሆናል፤ እንግሊዝኛን እንደ መሰላል የተጠቀመ ተማሪ ግን ጊዜውንና ቦታውን ወደ መጨረሻ ወስዶ ይሳሳታል። የባለቤትነትና የገላጭ ሐረግ አደራደርም አማርኛን ይመስላል፤ «ትናንት የገዛሁት ጫማ» እንደሚባለው ሁሉ በቻይንኛም ገላጩ ቀድሞ፣ «ደ» የምትባል ማያያዣ ገብታ፣ ጫማው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በኦሮምኛ «ኮጴ ኮ» ተብሎ ጫማው ቀድሞ «የእኔ» ስለሚከተል፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር የዱከም ተማሪ በዚህ ቦታ ላይ በአማርኛው ቢያስብ ይቀለዋል። ጥያቄም «መጣ ወይ?» እንደሚባለው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ገለልተኛ ቃና ያላት «ማ» በመጨመር ይሠራል።



አምስተኛው እርምጃ፦ ቁምፊዎች፣ በልክ

ቁምፊ የሚባለው አንድን ቀለም ከነትርጉሙ የሚወክል ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በቻይና የወጣው የተለመዱ ቁምፊዎች ዝርዝር 3500 ምልክቶችን የያዘ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ጀማሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ከጥቂት ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው። እናት የሚለው ቁምፊ በግራ በኩል ሴት፣ በቀኝ በኩል ፈረስ የሚል ምልክት አለው፤ ሴት የሚለው ትርጉሙን ያመለክታል፤ ፈረስ ደግሞ «ማ» ተብሎ ስለሚነበብ ድምፁን ይጠቁማል። ሰው የሚለው ሁለት የተደጋገፉ መሥመሮች ነው፤ በግራና በቀኙ ነጥብ ሲጨመርበት እሳት ይሆናል። አፍ የሚለው ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ በበር ላይ በተጻፉት የመግቢያና የመውጫ ምልክቶች ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ከፊቱ ያለው ምልክት ሁለት ተደራራቢ ተራሮች ከመሰለ መውጫ ነው። ሠራተኛው ከማንኛውም ቁምፊ በፊት የመውጫን፣ የእሳትን፣ የኤሌክትሪክን፣ የአደጋንና የክልከላን ምልክቶች ቢያውቅ ለፈተና ሳይሆን ለሕይወቱ ይጠቅመዋል።

በእጅ መጻፍን በተመለከተ አስተማሪዎች አይስማሙም። በስልክ ላይ ፒንዪኑን ጽፎ ከሚቀርቡት ቁምፊዎች ትክክለኛውን መምረጥ ስለሚቻል፣ ለሥራ የሚማር ሰው ማንበብን ቢያስቀድምና በእጁ የሚጽፈውን ወደ መቶ በሚሆኑ መሠረታዊ ቁምፊዎች ቢወስነው ይበቃዋል፤ የመሥመር ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍን፣ በእነዚያ ላይ ይማረዋል። ፕሌኮ የተባለው የስልክ መዝገበ ቃላት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሲሆን፣ አንኪ የተባለው የጥናት ካርድ ፕሮግራም ደግሞ የተረሳውን ቃል ቶሎ፣ የታወቀውን ዘግይቶ እየመለሰ ያቀርባል፤ ካርዱ ድምፅ ከሌለው ግን ጀማሪው ሳያውቅ ወደ ቀድሞው ስሕተቱ ይመለሳል። ፕሌኮ ትርጉም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው የደከመ ተማሪ ካርዶቹን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ራሱ ቢያዘጋጅ ይሻላል።

እድገት የሚቆምበት ቦታ

በሥራ ቦታ ከቆዩት መካከል አንዳንዶቹ ዓመታት አልፈውም ከጥቂት ቃላት አይወጡም። ምክንያቱ በፋብሪካና በግንባታ ቦታ ቻይንኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ከእጅ ምልክት ጋር ተቀላቅለው የሚነገሩበት ቅይጥ ንግግር መፈጠሩ ነው፤ አንትሮፖሎጂስቷ ሚሪያም ድሪሰን በኢትዮጵያ በሚገኙ የቻይና መንገድ ሥራዎች ላይ ያጠኑትም እንዲህ ያለውን ንግግር ነበር። ቅይጡ ለዕለት ሥራ በሚገባ ያገለግላል፤ ችግሩም ይኸው ማገልገሉ ነው፤ የሚያግባባ ነገር ያገኘ ሰው የተሻለውን አይፈልግምና። ቅይጡን የለመደው ሠራተኛ በቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መርጦ፣ ሙሉና ትክክለኛ አድርጎ እንዲያርመው አንድ ፈቃደኛ ቻይናዊ ባልደረባውን ቢጠይቅ፣ በምላሹም አንድ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ዐረፍተ ነገር ቢያስተምረው፣ ከማንኛውም የስልክ ፕሮግራም የተሻለ ትምህርት ያገኛል። ቻይናውያን በሚጠቀሙበት ዊቻት የድምፅ መልእክት መላላክም ለዚሁ ይረዳል፤ የተላከውን ድምፅ ደጋግሞ መስማት ይቻላልና።

ሥርዓት ያለው ትምህርት የሚፈልግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይችላል። ኤችኤስኬ የተባለው ዓለም አቀፍ የቻይንኛ ብቃት ፈተና ለዓመታት በነበረው ባለ 6 ደረጃ ሥርዐት ለመጀመሪያው ደረጃ 150፣ ለሁለተኛው 300፣ ለሦስተኛው 600 ቃላት ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ 9 ደረጃ መስፈርት ግን ለመጀመሪያው ብቻ 500 ቃላት አስቀምጧል፤ ስለሆነም የሚመዘገብ ሰው የሚፈተነው በየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። በነባሩ ሥርዐት የመጀመሪያው ደረጃ የሚለካው ማዳመጥንና ማንበብን ሲሆን፣ ንግግር የሚፈተነው በተለየ ፈተና ነው፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ሆኖ መቀጠር የሚፈልግ ሰው የምስክር ወረቀቱን ከመያዙ በፊት ከማያውቀው ቻይናዊ ጋር በስልክ፣ ፊትና እጅ በማይታይበት ሁኔታ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተነጋግሮ ራሱን ቢፈትን ይመረጣል።